ባራካህ የኒውክሌር ማመንጫ፦ መብራቱን የተጠቀመ ፍሪጅ ጠጋኝ ከቡራዩ ሲገመግመው

አቡዳቢ ምዕራቡ በኩል ሩዌይስ ሚባል ከተማ ኤሲና ፍሪጅ ጥገና ስሰራ ዓመታት ቆይቻለሁ፣ ባራካህ ሚባለው የኒውክሌር ማመንጫ መብራት መስጠት ከመጀመሩ በፊትም ከጀመረ በኋላም እዛው ነበርኩ፣ አሁን ቡራዩ ገብቼ በዛው ሙያ ነው ምተዳደረው። ኢትዮጵያም ኒውክሌር ልትገነባ ነው ከተባለ ወዲህ ፍሪጅ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ "አንተ እዛ ነበርክ አይደል፣ እንዴት ነው ነገሩ፣ ይጠቅመናል?" ይለኛል። ለያንዳንዱ ቆሜ ከማወራ አንዴ በደንብ ልጻፈው አልኩ። መብራት እኮ እቃ ነው፣ ካርድ ሞልተን በብራችን ምንገዛው ነገር ነው፣ ስለዚህ እንደማንኛውም እቃ ጥራቱም ጉድለቱም ዋጋውም ይነገር።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። እንደ ማመንጫ በጣም ጎበዝ ነው፣ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል እሰጠዋለሁ። ለኛ ሰፈር መብራት መድኃኒቱ እሱ ነው ወይ ካላችሁኝ ግን አይደለም፣ ምክንያቱን ወደ ታች በሰፊው እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ። ባራካህ አል ዳፍራ በሚባለው አካባቢ የባህረ ሰላጤው ውሃ ዳር ላይ ነው ያለው፣ ከሩዌይስ 53 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሳዑዲ ድንበር በኩል። የኮሪያው ኬፕኮ ነው የገነባው፣ ኮንትራቱ በዲሴምበር 2009 ሲፈረም 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው ምጽፈው)። አራት ሪአክተር (ሙቀቱን ሚያመነጨው ዋናው ክፍል) አለው፣ እያንዳንዱ 1,400 ሜጋዋት፣ ባጠቃላይ 5,600 ሜጋዋት ማለት ነው። የመጀመሪያው ግንባታ 2012 ተጀምሮ ኦገስት 2020 ላይ መብራቱ መስመር ውስጥ ገባ፣ ሌሎቹ ተራ በተራ ተከተሉ፣ አራተኛው ሴፕቴምበር 2024 ላይ ሙሉ ስራ ጀመረ። አሁን የኤምሬትስን መብራት ሩቡን ያህል የሚሰጠው ይሄ አንድ ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ ገብቼ አላውቅም፣ እኔ ምገመግመው ከተጠቃሚው ወገን ሆኜ ነው።

አሁን የቁጥሩን ነገር ላስረዳ፣ ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ። የሕዳሴ ግድባችን አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው፣ የባራካህ 5,600። ሲታዩ እኩያሞች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ተደምሮ ሚወጣው መብራት ሲታይ ግን ባራካህ 40 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲያመርት ሕዳሴ በዓመት የታቀደለት 15.7 ቢሊዮን ገደማ ነው። ሁለት ተኩል እጥፍ! ሜጋዋት ማለት በአንድ ቅጽበት ቢበዛ ስንት መስጠት ይችላል ነው፣ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ እኛ ካርድ ስንሞላ ምንገዛው፣ ቆጣሪው እየቀነሰ ሚሄደው እሱ ነው። ግድቡ ላይ ያሉት 13 ተርባይኖች ሁሌ ባንድ ላይ ሙሉ ጉልበታቸውን አይሰሩም፣ አባይ ውሃው ልክ አለው፣ ክረምት ላይ የመጣውን አጠራቅሞ በጋውን ሙሉ ቆጥቦ መስጠት አለበት። ኒውክሌሩ ውሃ ሞላ ጎደለ አይልም፣ ሌሊትም ቀንም ክረምትም በጋም ያው ነው፣ ነዳጅ ለመቀየር በ18 ወር አንዴ ገደማ አንዱ ሪአክተር ይቆማል፣ ያኔም ሲሶ ያህሉ ብቻ ተቀይሮ መልሶ ይነሳል። በሙሉ አቅሙ ቢሰራ ሊያወጣ ሚችለውን ከ80 በመቶ በላይ ያወጣል፣ ሕዳሴ ደግሞ በእቅዱ 35 በመቶ ገደማ።

ይሄንን ስል ሕዳሴን ማሳነሴ አይደለም፣ ቦንድ የገዛሁበት ግድብ ነው፣ በሱ ቀልድ የለም። ውሃ ኒውክሌር የሌለው ትልቅ ችሎታ አለው፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው ምጣድና ምድጃ ሲያበራ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ማለት፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን ዝቅ ማለት ይችላል። ኒውክሌር ባንድ ልክ ረጋ ብሎ መስራት ነው ሚስማማው፣ ኤምሬትስም ላይ ሲቀነስና ሲጨመር ሚውሉት በዋናነት የጋዝ ማመንጫዎቹ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ቢጣመሩ ጥሩ ባልና ሚስት ይወጣቸዋል ባይ ነኝ፣ ኒውክሌሩ የማይቆመውን ሸክም ይይዛል፣ ግድቡ ውሃውን ይቆጥብና ማታ ማታ ይለቃል። ለኛ ሀገር ኒውክሌር ይገንባ ከሚሉት ክርክሮች እኔን የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው፣ በተለይ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ ምክንያቱም መብራታችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ ነው።

ለምን ባህር ዳር ተሰራ ሚለው ደግሞ የኔ ሙያ ስለሆነ ደስ ይለኛል። ሪአክተሩ ውስጥ ዩራኒየሙ ሲሰነጠቅ ሙቀት ይወጣል፣ ያ ሙቀት ውሃውን ከ300 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል፣ ግን ግፊቱ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ ውሃው አይፈላም፣ በቱቦ ዞሮ ሌላኛውን ንጹህ ውሃ ያፈላዋል፣ የሱ እንፋሎት ነው ተርባይኑን ሚያዞረው። ከዛ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ መሆን አለበት፣ ለዛ ደግሞ ሙቀቱን ሚወስድለት ነገር ይፈልጋል። ፍሪጃችሁ ከኋላው ያለው ጥቁር ሽቦ ሚሞቀው ለምንድነው፣ ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት ውጭ ሊጥል ነው አይደል፣ ባራካህም ያው ነው፣ ሙቀቱን ሚጥለው ባህር ላይ ነው። አንዱ ሪአክተር 4,000 ሜጋዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል፣ መብራት ሚሆነው 1,400ው ብቻ ነው፣ የቀረው 2,600 በሙሉ ወደ ባህር። በአራት አባዙትና ለምን ባህር እንዳስፈለገ ይገባችኋል። እዛ ያለው የባህር ውሃ ደግሞ በጋ ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ማቀዝቀዣው ውሃ ራሱ ሙቅ ሲሆን ስራው ይከብዳል፣ ፍሪጁን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ሚያስቀምጥ ደንበኛዬን ሁሌ ምቆጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በዛ ውሃ ያን ያህል ማምረታቸው ለኔ ትልቅ ኢንጂነሪንግ ነው፣ ከልቤ ነው ማደንቀው።

እንደ ተጠቃሚ እንዴት ነበር? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሶኬቱ ላይ ምንም ልዩነት አላየሁም። ኒውክሌር ገባ ተባለ፣ ዜናው ተነገረ፣ እኔ ኤሲው ላይ ቆሜ ሜትሬን ስሰካ ቮልቴጁ ትናንት የነበረው ነው። ባራካህ ከመግባቱ በፊት ከሞላ ጎደል በጋዝ ሲሰሩም መብራት አይቆራረጥም ነበር፣ ከገባ በኋላም አይቆራረጥም። የመብራቱ ጥራት ያለው መስመሩ ላይ፣ ሰብስቴሽኑ ላይ፣ ሰፈር ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ላይ ነው፣ ማመንጫው ሚያመጣው ብዛቱንና አለመቋረጡን ነው፣ ጋዙንም ለሌላ ስራ ያተርፍላቸዋል፣ በዓመት 22 ሚሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ይላሉ። ቢሉን ምከፍለው እኔ አልነበርኩም፣ ካምፕ ውስጥ ስለምንኖር ድርጅቱ ነበር ሚከፍለው፣ ስለዚህ ስለ ወርሃዊ ዋጋው አስተያየት አልሰጥም።

ልዩነቱን በደንብ ያየሁት ኮምፕረሰር ላይ ነው። እዛ ኮምፕረሰር ሚሞተው በሙቀትና በአሸዋ ነው፣ ኮንደንሰሩ (ሙቀቱን ውጭ ሚጥለው ክፍል) በአቧራ ይደፈናል፣ ውጩ 45 ዲግሪ ነው፣ ማሽኑ ሳያርፍ ሲሰራ ሲሰራ ያልቃል። እዚህ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ቡራዩ ላይ ፍሪጅ ሃያ ዓመት መስራት ነበረበት። ግን ጠረጴዛዬ ላይ ሚመጣው ኮምፕረሰር አብዛኛው ጥቅልሉ የተቃጠለ ነው፣ ዘይቱን ሳፈስ ጠቁሮ፣ አፍንጫ ሚሰነፍግ የተቃጠለ ሽታ ያለው። የሚያቃጥለው መብራቱ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተሩ ለመነሳት አቅም ያጣል፣ ህምምም ይላል ግን አይዞርም፣ ሳይዞር ብዙ ከረንት ይስባል፣ ኦቨርሎዱ (ሞተሩን ሚጠብቀው መቁረጫ) ቆርጦ ይመልሳል፣ እንደገና ህምምም፣ እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ማታ ይለቀዋል።

አንዲት ጎረቤት አሉኝ፣ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል ሚያስረክቡ እናት። ፍሪጃቸውን ሊያሳዩኝ ጠርተውኝ ሄጄ ምጣዱ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ ተናደዋል። "የኔ ልጅ፣ ግድቡ አለቀ አይደል እንዴ? ተመረቀ አይደል? ታዲያ ምነው ምጣዴ አልሞቅ አለኝ?" አሉኝ። እንጀራውን አነሱና አሳዩኝ፣ ዓይን አላወጣም፣ መሃሉ ድፍን ያለ፣ ጠርዙ ደርቆ የተሰነጣጠቀ። "እማማ ቆይ" ብዬ ሜትሬን ሶኬቱ ላይ ስሰካው 165 ቮልት። 220 መሆን ሲገባው ማለት ነው። አሁን ይሄን ስሙኝ፣ ቮልቴጁ በሩብ ሲቀንስ የምጣዱ ሙቀት በሩብ አይደለም ሚቀንሰው፣ በግማሽ ሊጠጋ ነው ሚቀንሰው፣ ምክንያቱም ጉልበቱ ሚሄደው በቮልቴጁ ስኩዌር ነው። 165 ለ220 ሲካፈል 0.75፣ ራሱን በራሱ ሲባዛ 0.56። ምጣዱ በ56 በመቶ ጉልበቱ ነው ሚሰራው። ሊጡም እጃቸውም ምንም አልሆነም፣ ጉልበቱ ነው የጎደለው። በዛ ላይ አንዱን እንጀራ ለመጋገር ረጅም ጊዜ ስለሚበራ ካርዱም አይተርፍላቸውም።

መብራቱ የት ጋ ነው ያነሰው? ከሕዳሴ በደዴሳ አድርጎ ሚመጣው 500 ኪሎ ቮልት መስመር ሆለታ ነው ሚገባው፣ ከኛ ቅርብ ነው፣ ለስራ ወደ ሆለታ ስሄድ ምሰሶዎቹን አያቸዋለሁ፣ ትልልቅ፣ አስደናቂ ስራ ነው። እዛ ድረስ መብራቱ አለ። ከዛ ወዲህ ግን ሰፈራችን ጥቂት ቤት በነበረ ጊዜ የተተከለ ትራንስፎርመር አለ፣ አሁን ጂ ፕላስ ሁለቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ብረታ ብረቱ፣ እንጀራ ጋጋሪው ሁሉ እሱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሽቦው ቀጭን ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት የተረፈው ነው ሚደርሰው። የእማማ ቤት መጨረሻው ላይ ነው። አሁን ሌላ 5,600 ሜጋዋት አምጥተን ሆለታ ላይ ብናራግፈው 165ቷ 220 አትሆንም። ይሄን ነው ለደንበኞቼ ሁሉ ምለው። ኮዬ ፈጬም ለገጣፎም ሰበታም ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ያው ነው ሚነግሩኝ።

ይሄ ከራሴ ያመጣሁት ፍልስፍና አይደለም፣ ደቡብ አፍሪካን እዩ። አፍሪካ ውስጥ የሚሰራ ብቸኛው የኒውክሌር ማመንጫ ያለው እዛ ነው፣ ኩበርግ ይባላል፣ እሱም ባህር ዳር፣ ኬፕታውን አጠገብ፣ ከ1984 ጀምሮ ይሰራል፣ 1,900 ሜጋዋት ገደማ። ግን የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎቻቸው ጥገና አጥተው ሲወላልቁ በ2023 በቀን ለብዙ ሰዓት ሀገሩ በፈረቃ ጨለመ። ጃፓን ደግሞ ካሺዋዛኪ ካሪዋ ሚባል አለ፣ በአቅም የዓለም ትልቁ፣ ሰባት ሪአክተር፣ 8,212 ሜጋዋት፣ እሱም ባህር ዳር። ከፉኩሺማ አደጋ በኋላ 2012 ላይ የመጨረሻው ሪአክተሩ ቆመና ከአስር ዓመት በላይ አንድ ኪሎዋት ሳይሰጥ ቆየ። ትልቁ ማመንጫ፣ ዜሮ መብራት። ሜጋዋት ብቻ ሰምታችሁ አትደሰቱ ምላችሁ ለዚህ ነው።

ፉኩሺማን ካነሳሁ ደህንነቱንም ልበል፣ ሰው ሁሉ ሚጠይቀኝ ስለሆነ። ሪአክተር እንደ ምድጃ ስታጠፉት አይጠፋም፣ ከቆመ በኋላም ነዳጁ ሙቀት ማውጣቱን ይቀጥላል፣ መጀመሪያ ላይ ከሙሉ ሙቀቱ 6 ወይ 7 በመቶ፣ ከዛ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ፓምፑ መስራት አለበት፣ ፓምፑ ደግሞ መብራት ይፈልጋል። ማርች 11 ቀን 2011 ፉኩሺማ ላይ የመሬት መንቀጥቀጡ የውጭውን መስመር ቆረጠው፣ ጄኔሬተሮቹ ተነሱ፣ ከዛ ሱናሚው መጥቶ ጄኔሬተሮቹን አጥለቀለቃቸው፣ ሦስት ሪአክተር ቀለጠ። አዳዲሶቹ፣ የባራካህም ጭምር፣ ከዛ ብዙ ተሻሽለዋል፣ ሩዌይስ ስኖር አንድም ቀን ፈርቼ አላደርኩም። ግን ልብ በሉልኝ፣ የኒውክሌር ማመንጫ ራሱ ሚተማመንበት ደህና መስመር ከውጭ ይፈልጋል። መስመሩ ቶሎ ቶሎ ሚወድቅበት ሀገር ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ግማሿን ኮከብ የቀነስኩት በጊዜውና በዋጋው ነው። ኤምሬትስ ብር ሞልቶ ተርፏት፣ ፖሊሲውን 2008 ላይ አውጥታ፣ የመጀመሪያው መብራት የመጣው 2020 ላይ ነው፣ 12 ዓመት። የመጀመሪያው ሪአክተር 2017 ነበር ሊነሳ የታሰበው፣ ዘገየ፣ አንዱ ምክንያት ኦፕሬተሮቹ ሰልጥነው እስኪበቁና ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ፈቃድ እስኪሰጥ ነው። እንደኔ መዘግየቱ ትክክል ነው፣ ሰው ሳይሰለጥን አለማስነሳታቸውን አከብራለሁ፣ ግን 12 ዓመት 12 ዓመት ነው። ያገለገለው ነዳጅ ደግሞ ገንዳ ውስጥ ውሃ ተሞልቶበት ለዓመታት ይቀመጣል፣ ከዛም በኋላ ጥበቃው ለልጅ ልጅ ሚተላለፍ ሃላፊነት ነው።

ወደኛ ስንመጣ። ሕዳሴ በኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ነው የኒውክሌሩ እቅድ የተነገረው፣ መስከረም 2018 ላይ ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር ተፈረመ። ባህር የለንም፣ ታዲያ በምን ይቀዘቅዛል ሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልስ ግን አለው፣ አሜሪካ አሪዞና በረሃ ላይ ፓሎ ቨርዴ ሚባል ሦስት ሪአክተር ያለው ማመንጫ አለ፣ ባህርም ትልቅ ወንዝም አጠገቡ የለም፣ ሚቀዘቅዘው ከፊኒክስ አካባቢ በሚመጣ በተጣራ የፍሳሽ ውሃ ነው። ስለዚህ ይቻላል፣ ግን ውሃው በትነት ነው ሚያልቀው፣ ከየት እንደሚመጣና ከማን እንደሚወሰድ ቀድሞ መነገር አለበት። ሌላው መጠኑ ነው። በሙያው ሚሰሩ ሰዎች አንድ ሪአክተር ከሀገሩ ሲስተም፣ ማለትም ካጠቃላይ የማመንጨት አቅሙ፣ አስር በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ምክንያቱም ድንገት ትሪፕ ሲያደርግ (ቆርጦ ሲቆም) ሁሉንም ይዞ ሊወድቅ ይችላል። የባራካህ ዓይነት 1,400 ሜጋዋት ከሆነ 14,000 ሜጋዋት ሲስተም ይፈልጋል፣ ወደ ሦስት ሕዳሴ ሚጠጋ። ስለዚህ ለኛ ካነሰ ሪአክተር ቢጀመር ይሻላል ባይ ነኝ፣ እሱም እየተዘጋጀ እያለ በነዛ 12 ዓመታት ውስጥ የሰፈር ትራንስፎርመርና የሰፈር ሽቦ ይቀየር፣ ያ ስራ ኒውክሌር ቢመጣም ባይመጣም ሚያስፈልግ ነው፣ ማንም ሚከራከርበት አይደለም።

እስከዛው ቤታችሁ ላለው ፍሪጅ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው እንዳታበሩት፣ ከሶኬት ነቅላችሁ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ጋዙ ግፊቱ እስኪስተካከል ኮምፕረሰሩ መነሳት ይከብደዋል፣ በዛ ላይ መብራቱ ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ስታብላይዘር ስትገዙ ከታች እስከ ስንት ቮልት እንደሚሰራ ጽሁፉን አንብቡ፣ ከ180 በታች ሲሆን ሚቆርጥ ከሆነ ለኛ ሰፈር ማታ ማታ አይረባም፣ ከ140 ጀምሮ ሚያነሳ ፈልጉ፣ ዲሌይ ያለው (መብራት ሲመጣ ትንሽ ቆይቶ ሚያበራ) ቢሆን ይመረጣል። ምጣድና ምድጃ ግን ስታብላይዘር ላይ አትሰኩ፣ አይችለውም፣ ይቃጠልባችኋል። እንጀራ ምትጋግሩ እናቶች ከቻላችሁ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጀምሩ፣ የእማማን ቤት በዛ ሰዓት ለክቼዋለሁ፣ 214 ነበር፣ እንጀራቸውም ዓይን በዓይን ሆኖ ነው የወጣው።